በጾም ወቅት ሩጫዬን እንዴት ልቀጥል?

ሰላም ለሁላችሁም፣ ምክር ፈልጌ ነው። ሐኪም «ስኳርህ ከፍ እያለ ነው፣ ተንቀሳቀስ» ካለኝ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ከዳር እስከ ዳር እሮጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እሱን እሞላ ነበር። እንቅልፌ ሁሉ ተስተካክሎ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ነገሩ ተበላሸ። እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ፣ ትንሽ እንደሮጥኩ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ዓይኔ ብዥ ይላል። ማታ እንዳልሞክር ከሥራ መልስ የታክሲ ሰልፉ ያደክመኛል። 55 ቀን ሙሉ ካቋረጥኩ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ መመለሱ ይከብደኛል ብዬ እሰጋለሁ። ጾሙን መተው አልፈልግም፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እየጾማችሁ ስፖርት የምትሠሩ፣ ሰዓታችሁ መቼ ነው? ሽሮና ምስር ብቻ ጉልበት ይሰጣል ወይስ ሌላ የምትጨምሩት አለ? ሩጫውን ለጊዜው በእግር ጉዞ ብቀይረውስ? በተለይ ስኳር ኖሮባችሁ የምትጾሙ፣ ሐኪማችሁና የንስሐ አባታችሁ ምን እንዳሏችሁ ብትነግሩኝ በጣም ትረዱኛላችሁ። እኔም የሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ምን ብዬ ልጠይቀው?