ጸበል ቦታ የአእምሮ ነርስ ይመደብ ወይስ አይመደብ?

የሳሪሷ፦ ትናንት አንድ ልጅ "ጸበል ቦታ የአእምሮ ነርስ ይመደብ" ብሎ ስንቱ ተቆጣው። እኔ ይመደብ ባይ ነኝ። ወንድሜ ከሳውዲ ሲመለስ እንቅልፍ አጣ፣ ብቻውን ማውራት ጀመረ፣ እናታችን መንፈስ ነው ብላ ጸበል ወሰደችው፣ ሰባት ወር እግሩን በሰንሰለት ታስሮ ተቀመጠ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። ህመም ነው ብሎ ያስረዳን አንድ ሰው አልነበረም።

ዲያቆን፦ እህቴ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ግን ጸበል ክሊኒክ አይደለም። ጋውን የለበሰ ሰው ገብቶ "ይሄ መንፈስ አይደለም" ቢል ሰው ይሸሻል እንጂ አይሰማም።

የሳሪሷ፦ ማን እንደዛ ይበል አለ? የኤችአይቪውን ረሳነው እንዴ፣ እንጦጦ ማርያም ስንቱ ኪኒኑን ጥሎ ጸበል ብቻ ሲል ነበር፣ በ1999 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ናቸው ጸበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይወሰድ ያሉት። ለዚህስ ለምን አይሆንም?

ነርሷ፦ ገጠር ጤና ጣቢያ ነው የምሰራው። "ድብርት አለብሽ?" ስትሏት የለብኝም ትላለች። "እንቅልፍሽ እንዴትነው፣ ሐሳብ ይበዛብሻል ወይ፣ ልብሽን ያቃጥልሻል?" ስትሏት ግን ታለቅሳለች። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሪፈር ስንላቸው ደሞ "ልጄ አላበደችም" ብለው በዛው ይቀራሉ፣ ስለዚህ እዚሁ ማከም ነው የሚሻለው። ጸበሉ ጠዋት በባዶ ሆድ ስለሆነ የሚጠጣው ኪኒናቸውን ማታ ያደረግንላቸው አሉ፣ ሳያቋርጡ እየወሰዱ ነው። መጀመሪያ ግን አጥማቂውን ቁጭ ብለን አናግረን ነው።

የጅማው፦ ሁሉም ነገር ጸበል ሆነ፣ ሼህ ጋ ቁርአን የሚቀራላቸው የኛ እናቶችስ? ጤና ጣቢያችን ፖስተሩ በአማርኛ ነው፣ እናቴ ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ አትሰማም። የአፋሯንና የሶማሌዋን እናት ደሞ አስቡት። ነርስ ይመደብ ስትሉ በምን ቋንቋ እንደሚያናግራቸውም ጨምሩበት እንጂ።

ነርሷ፦ ልክ ነህ ወንድሜ። አስተርጓሚ ሲጠፋ ልጅየው ለእናቱ ያስተረጉማል፣ እናት ደሞ ልጇ ፊት የልቧን አታወራም።

ዲያቆን፦ ሰንሰለቱን እኔም አልደግፍም። ግን መጀመሪያ አስተዳዳሪውና አጥማቂዎቹ ይሰልጥኑ፣ ነርሱ ከዛ ይምጣ።

የሳሪሷ፦ ይሰልጥኑ፣ እስማማለሁ። ወንድሜ አሁን ኪኒኑንም ይወስዳል፣ እሁድ እሁድ ጸበሉንም ይጠመቃል። ግን ስልጠናው እስኪያልቅ ዛሬ ማታ ታስሮ የሚያድረውን ማን ሄዶ ይየው ዲያቆን?