ዲናሞው ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይጠግብም፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ነው። መኪናዋ ባለ 1300 ሲሲ ቤንዚን፣ ባትሪዋ 45 አምፔር ሰዓት። 3 ቀን ስትቆም ባትሪው ከ12.4 ወደ 12.1 ቮልት ይወርድና ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ያቃስታል። ባትሪውን ለብቻው ቻርጀር ላይ አሳድሬ 12.7 ያዘ፤ ሞተሩ ሲነሳም ከ10.3 አልወረደም። ስለዚህ «ባትሪ ቀይር» የሚለውን መልስ እለፉልኝ።

ሞተሩ በደቂቃ 2000 እየዞረ፣ ትልቁ መብራትና ማራገቢያው በርተው፣ ባትሪው ላይ 13.2፣ ዲናሞው ላይ ግን 13.9 ነው። ከዲናሞው ወፍራም ሽቦ ብሎን እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ 0.6 ቮልት ይጠፋል፤ በማሳው (በኔጌቲቩ) በኩል 0.1 ብቻ። 0.2 ባለፈ ጊዜ መንገዱ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ብሎኑን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ ለውጥ የለም። ቺንጋው አይንሸራተትም። ጥርጣሬዬ ዋናው ፊውዝ ወይም የሽቦው ጫፍ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነው፤ ሐይቁ ዳር ነው የምታድረው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ቁልፍ ተነቅሎ፣ በር ተቆልፎ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ስለካ 180 ሚሊ አምፔር ይፈሳል፤ በ3 ቀን 13 አምፔር ሰዓት ያህል ማለት ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ብነቅልም አልቀነሰም። ኔጌቲቩን ፈትቼ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ካላቀቅሁ በኋላ መልሼ ስለካ ግን 25 ሆነ። ዳዮዱ (ዲናሞው ውስጥ ያለው፣ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ያለበት ክፍል) ወደ ኋላ እያሳለፈ ይመስለኛል።

ጥያቄዬ፦ ሁለቱ የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው ወይስ አንዱ ሌላውን አመጣ? ዋናውን ፊውዝ ሳልፈታ 0.6 ቮልቱ የት እንደሚጠፋ ለመለየት የቴስተሩን ጫፎች የት ላይ ላድርግ? የዳዮድ ሳህኑን ብቻ በብየዳ መቀየር ያዛልቃል ወይስ ዲናሞውን ሙሉ ልለውጥ? እዚሁ ከተማ ዲናሞ ፈትቶ ዳዮድ በዳዮድ የሚለካ ባለሙያ የምታውቁ ሰፈሩን ጠቁሙኝ። ሐሙስ ሌሊት ወደ ጎንደር መንገድ አለብኝ።