የሳተላይቱ ክሎሮፊል ቀይ ባህር ላይ ይሰራል፣ ሐይቅ ላይ እምቢ አለኝ፤ ምን አጥፍቼ ነው?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ቤቶች፣ ደሴ ነኝ ፊዚክስ ነው የምማረው። ቴሲሴ የውሃ ቀለም ከሳተላይት ማንበብ ላይ ነው፣ የሞዲስ አኳን (የናሳ አኳ ሳተላይት ላይ ያለ መሳሪያ ነው) የክሎሮፊል፣ ማለትም የአልጌው አረንጓዴ ቀለም፣ ዳታ አወረድኩ፣ ቀይ ባህር ላይ ስከፍተው ያምራል፣ ወደ ሐይቅ (እዚሁ ደሴ አጠገብ ያለው የሎጎ ሐይቅ) ስመጣ ግን ግማሹ ፒክስል ባዶ፣ የቀረው ደግሞ ቁጥሩ ሰማይ የነካ። ባለፈው ሳምንት ወርጄ ውሃውን በአይኔ አይቼዋለሁ ወላሂ እንደዛ አረንጓዴ አይደለም። ኮዴ ነው ወይስ ሳተላይቱ? አድቫይዘሬ ርዕስ ቀይር እያለኝ ነው፣ ሁለት ወር ነው የቀረኝ 😩

ፎቶን፦
አብሽር ኮድህ ምንም አላለም። አንደኛ የዛ ዳታ አንድ ፒክስል 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሐይቅ ጠቅላላው 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዳር ዳሩን መሬቱ ሲበላብህ ንጹህ ውሃ የሆነው ፒክስል በጣት የሚቆጠር ነው የሚተርፍህ።

ዋናው ግን አየሩ ነው። ሳተላይቱ ጥልቅ ባህር ላይ ሆኖ እንኳ ከሚቀበለው ብርሃን 90 በመቶ ያህሉ ከውሃው የወጣ አይደለም፣ አየሩ የበተነው ነው፣ አንተ የምትፈልጋት ያቺን ትራፊ ነው። አየሩን የሚቀንሱት ደግሞ በኢንፍራሬድ (ከቀይ ቀጥሎ ያለው በአይን የማይታይ ብርሃን) ነው፦ ውሃ ኢንፍራሬድን ውጦ ስለሚያስቀር ባህሩ እዛ ጋ ጥቁር ነው ይሉና የታየውን ሁሉ ለአየሩ ይሰጡታል። ሐይቅ ላይ ግን ዙሪያውን ያለው ማሳና ዛፍ ኢንፍራሬድ ያንጸባርቃል፣ ያ ብርሃን አየር ላይ ተበትኖ ውሃው ፒክስል ውስጥ ይገባል፣ ፕሮግራሙም አየር መስሎት ከልክ በላይ ይቀንሳል፣ በጣም የሚጎዳው ሰማያዊው ነው አንዳንዴ ጭራሽ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ያኔ ፒክስሉ ባዶ ይቀራል። ክሎሮፊል ሰማያዊውን 443 ናኖሜትር አካባቢ ይውጣል፣ ቀመሩ የሚያየው የሰማያዊና የአረንጓዴን ሬሾ ነው፣ ስለዚህ ሰማያዊ ሲያንስበት "ክሎሮፊል በዛ" ይልሃል። ባዶውም ሰማይ የነካውም የአንድ እናት ልጆች ናቸው 😂

አርዲቦ፦
ልጄ ፎቶን ልክ ነው፣ ጭቃውን ግን ረሳው። ያ ቀመር ለጥልቅ ባህር የተሰራ ነው፣ እዛ ቀለሙን የሚቀይረው በአብዛኛው አልጌው ብቻ ነው። የኛ ግን ክረምት ላይ ጎርፉ አፈር ይዞ ይገባል፣ የበሰበሰ ቅጠል ያስወጣው ቢጫ ነገርም ሰማያዊውን ይውጣል፣ ሳተላይቱ ከአልጌ አይለየውም። ሰማያዊውን ተወውና ወደ ቀዩ ሂድ። ሴንቲኔል 2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት 665 እና 705 ናኖሜትር ላይ ባንድ (ለይቶ የሚለካው የብርሃን ቀለም) አለው፣ ፒክስሉን ወደ 20 ሜትር አድርገህ ትሰራበታለህ፣ ሁለቱ ሳተላይቶች ተጋግዘው በ5 ቀን አንዴ ይመጣሉ፣ ዳታውም በነጻ ነው። ደመና ካልጋረደህ ማለቴ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴን እርሳው።

ደግሞ ውሃው ላይ ሳትለካ እንዳትጽፍ። ሴኪ የሚባል ጣልያናዊ ቄስ በ1865 የውሃውን ጥራት ለማወቅ ከጳጳሱ መርከብ ላይ ነጭ ሳህን ባህር ውስጥ እያወረደ የት ላይ እንደምትጠፋ ይለካ ነበር፣ ዛሬም ያው ነው። እኔ የቀለም ባልዲ ክዳን በጥቁርና ነጭ አራት ቦታ ቀብቼ፣ ከስር ብሎን አስሬ፣ ሲባጎውን በየግማሽ ሜትሩ ቋጥሬ ነው የሰራሁት። ከጀልባው በጥላው በኩል አውርዳት፣ ስትጠፋ ቋጠሮ ቁጠር፣ ስትጎትታት ብቅ ስትል እንደገና ቁጠር፣ አማካዩን ውሰድ። መጀመሪያ ቀን አንድ ዓሳ አጥማጅ አይቶኝ "ዓሳ በሳህን ነው እንዴ የምትይዙት?" አለኝ።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ አርዲቦ እድሜ ይስጥልኝ! ሰዓቱስ ልዩነት አለው?

አርዲቦ፦
አለው እንጂ፣ ሴንቲኔል 2 እኛ ጋ የሚያልፈው ጠዋት 4:30 እና 5 ሰዓት መሃል ነው፣ አንተም ያኔ ጀልባው ላይ ሁን። ከሰዓት ነፋሱ ከተነሳ ውሃው ይተራመስና የለካኸውና የታየው አይገናኙም።

ገራዶ፦
ቀይ ባህሩን ለምን ተውከው ታዲያ እየሰራልህ?

የጦሳ ልጅ፦
ቀይ ባህር ወርጄ ሳህን ላጠልቅ ነው? 😂 ክዳኑን ዛሬ ቀባሁት፣ ሲባጎ እየቋጠርኩ ነው። ቀጣዩ ማለፊያ ቅዳሜ ላይ ይውላል፣ ሰማዩ ከጠራ ማነው አብሮኝ የሚወርድ? ጀልባው በኔ፣ የዓሳ ጥብሱ በናንተ።