ፓስወርዴ ውስጥ @ እና # አለ፣ ፒፕ በፕሮክሲ አላልፍ አለኝ

የቧንቧ ውሃዋ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ደሴ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ደግሞ ኮምቦልቻ። ማታ ቤቴ ሆኜ በስልኬ ኢንተርኔት ፒፕም ኤንፒኤምም (የፓይተንና የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ማውረጃዎቹ) ያለ ችግር ያወርዱልኛል። ጠዋት ሐረጎን ወርጄ ቢሮ ስገባ ግን ያው ላፕቶፕ፣ ያው ትእዛዝ፣ ምንም የለም። ቢሮው በፕሮክሲ፣ ማለትም በመካከል ባለ ሰርቨር በኩል ነው ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣን፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። እስካለፈው ሳምንት ይሠራልኝ ነበር። ከዚያ ፓስወርድ ቀይሩ፣ ልዩ ምልክትም የግድ ይኑረው ተባልን፣ እኔም @ እና # አስገባሁበት። ብሮውዘር ላይ በአዲሱ ፓስወርድ እገባለሁ። ፒፕ ግን ሰርቨሩን አላገኘሁትም ይለኛል፤ ፈልጌ አጣሁት የሚለው የሰርቨር ስም ደግሞ የራሴ ፓስወርድ ጭራ ነው! ኡቡንቱ ነው የምጠቀመው። ሐሙስ የማስረክበው ሥራ ስላለብኝ በጣም ጨንቆኛል። አይቲ ክፍል ሄጄ ፓስወርዱን ላስቀይር ወይስ ሌላ መላ አለው?

ቦርከና፦
አብሽሪ እህቴ፣ ፓስወርድሽ ምንም አልሆነም። ብሮውዘሩ ስምና ፓስወርዱን በየሳጥኑ ለይቶ ይቀበልሻል። ፒፕ ግን ሁሉንም በአንድ መስመር ነው የሚያነበው፦ ስም፣ ከዚያ ኮለን፣ ከዚያ ፓስወርድ፣ ከዚያ @፣ ከዚያ የሰርቨሩ አድራሻና ፖርቱ። በዚያ መስመር ላይ @ ማለት «ፓስወርዱ አለቀ፣ ከዚህ በኋላ አድራሻው ነው» ማለት ነው። # ደግሞ አድራሻውን እዚያው ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጭራው እንደ ሰርቨር ስም ተቆጠረብሽ።

መፍትሔው ምልክቶቹን በኮዳቸው መተካት ነው። @ በ%40፣ # በ%23፣ ! በ%21፣ $ በ%24፣ & በ%26 ይተካል። ራሱ % ካለሽ %25 ይሆናል፤ በእጅሽ የምትቀይሪ ከሆነ ግን ከ% ጀምሪ፣ አለዚያ ቀድመሽ የቀየርሻቸውን መልሶ ያበላሽብሻል። ለምሳሌ ፓስወርዱ 78@45#9 ቢሆን የምትጽፊው 78%4045%239 ነው። ለዓይን ያደናግራል፣ ግን ከ% በኋላ ሁለት ሁለት እየቆጠርሽ አንብቢው። የሰርቨሩ አድራሻ ፊት ያለውን @ ግን እንዳትነኪው፣ እሱ ሥራ ላይ ነው።

ፓይተን ስላለሽ ኳት (quote) የምትባለዋ ፈንክሽንም ትቀይርልሻለች። እሷ ግን / ምልክትን ዝም ብላ ታልፈዋለች፣ ስለዚህ ሴፍ (safe) የሚለውን ባዶ አድርጊላት። እኔ በዚህች ነገር ግማሽ ቀን ስለፈጀሁ ነው የምነግርሽ።

ሃያ ዓመት ተርሚናል ላይ፦
ቦርከና ያለው ትክክል ነው፣ አንድ ልጨምር። የፕሮክሲውን መስመር ተርሚናል ላይ ኤክስፖርት ስታደርጊ (ፕሮግራሞቹ እንዲያነቡት ስታስቀምጪው) በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ክተቺው። በድርብ ጥቅስ ከሆነ ባሽ (የተርሚናሉ ትእዛዝ አንባቢ) $ን እንደ ተለዋዋጭ ያነበዋል፣ !ን ደግሞ የድሮ ትእዛዝ መጥሪያ ያደርገዋል። ለአፕት (ለኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) ደግሞ ሱዶ ስትይ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ ስታስኬጂ) ኤክስፖርት ያደረግሽው አብሮ አይሄድም። እዚያ የሚያዋጣው የአፕት የራሱ ኮንፊግ (ማስተካከያ) ፋይል ውስጥ ፕሮክሲውን መጻፍ ነው፣ በኮድ የተተካውን ፓስወርድ ማለቴ ነው።

የቧንቧ ውሃዋ ልጅ፦
ፒፕ ሠራ!! ተባረኩ። አፕትም አለፈ። ኤንፒኤም ግን አሁንም 407 ይለኛል። መስመሩ ያው ነው፣ ከተርሚናሉ ነው የሚወስደው ብዬ ነበር።

ቦርከና፦
407 ጥሩ ምልክት ነው። ፕሮክሲው ጋ ደርሰሻል ማለት ነው፣ ስምሽን ወይም ፓስወርድሽን ግን አልተቀበለም። ከዚህ በፊት ኤንፒኤም ኮንፊግ ብለሽ ፕሮክሲ አስገብተሽ ነበር? ከሆነ የድሮው ፓስወርድ እዚያ ተቀምጧል፣ ከተርሚናሉም እሱ ይቀድማል። ሁለቱንም አጥፊያቸው፣ ፕሮክሲ የሚለውንም ኤችቲቲፒኤስ ፕሮክሲ የሚለውንም። ደግሞ እባክሽ ደጋግመሽ አትሞክሪ፣ ብዙ ቦታ በተሳሳተ ፓስወርድ ከተደጋገመ አካውንቱ ይቆለፋል።

የቧንቧ ውሃዋ ልጅ፦
እሱ ነበር! የድሮው ነው የተቀመጠው። አሁን እያወረደ ነው። አላህ ይስጥህ።

ሃያ ዓመት ተርሚናል ላይ፦
እንኳን ደስ አለሽ። ግን ሳልነግርሽ ብሄድ ቅር ይለኛል፦ %40 ብለሽ ስለጻፍሽው ፓስወርዱ አልተደበቀም፣ ማንም አይቶ ይመልሰዋል። የተርሚናሉ ታሪክ ውስጥም ቀርቷል፣ ከዚያ አጥፊው። ኮንፊግ ፋይሉን ከአንቺ ሌላ ሰው እንዳያነበው ፈቃዱን አጥብቂ፣ ከፕሮጀክቱ ጋር ጊት (ኮድ ማስቀመጫው) ላይ እንዳይወጣም ተጠንቀቂ። ያ የቢሮ ፓስወርድ ኢሜይልሽንም የሚከፍት ሊሆን ይችላል። የቢሮሽ ፕሮክሲ የዊንዶውስ ዶሜን አካውንት የሚጠይቅ ከሆነ ሲኤንቲኤልኤም የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። አንዴ ታዋቅሪያታለሽ፣ ላፕቶፕሽ ላይ በ127.0.0.1 ፖርት 3128 ትቀመጣለች፣ ፒፕም ኤንፒኤምም ወደ እሷ ብቻ ይላካሉ። ፓስወርዱ በየፋይሉ መበተኑ ይቀራል፣ በተቀየረ ቁጥር የምታስተካክዪውም አንድ ቦታ ብቻ ነው።

የኮምቦልቻው፦
ለሌላ ሰው ከጠቀመ፦ ዶከርን (ፕሮግራሞችን በየኮንቴይነሩ ለይቶ የሚያስኬደውን) በሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ) ፋይል ፕሮክሲ ስትሰጡት % እጥፍ መሆን አለበት፣ %%40 ተብሎ ይጻፋል። ዊንዶውስ ላይ ባች (የትእዛዝ ዝርዝር) ፋይል ውስጥም እንደዚያው ነው። ተርሚናል ላይ በቀጥታ ስትጽፉት ግን አንድ % ይበቃል።