እሳት የሚያጠፉት እስረኞች፦ ወደው ነው ወይስ ሌላ መንገድ አጥተው?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንድ ወንድማችን «ካሊፎርኒያ እስረኛ እሳት ውስጥ ትማግዳለች፣ ያውም በሳንቲም» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ወደው ነው የሚሄዱት፣ ማን አስገደዳቸው?» ሲል መለሰለት። ነገሩ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ግዛቲቱ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ታራሚዎችን በየተራራው ካምፕ አስፍራ ሰደድ እሳት ላይ ታሰማራለች። እስከ ቅርብ ጊዜ የቀን ክፍያቸው ከ5.80 እስከ 10.24 ዶላር ነበር። እሳት ላይ ሲወጡ በሰዓት 1 ዶላር ይጨመርላቸው ነበር። በጥቅምት 2025 አገረ ገዥው ጋቪን ኒውሰም እሳት ላይ ለሚያሳልፉት ሰዓት 7.25 ዶላር እንዲከፈላቸው ሕግ ፈረሙ። ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ሥራው ይቀጥል ወይ? ከቀጠለስ እንዴት ሆኖ?

ሹፌሩ ከፓሳዴና፦
እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ጥር 2025 አልታዴና ስትቃጠል ዘመዶቼን ላወጣ ሄጄ ነበር። በዚያ ወር ሎስ አንጀለስ አካባቢ ከ16,000 በላይ ሕንፃ ወድሟል። ከ1,000 በላይ እስረኞችም ተሰማርተው ነበር። መንገድ ዳር ተደርድረው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ብርቱካናማ ልብስ። ፊታቸው ጥቀርሻ ብቻ።

ብዙ ሰው ውሃ የሚረጩ ይመስለዋል። ዋናው ሥራቸው ሌላ ነው። በዶማ፣ በመጥረቢያና በሞተር መጋዝ ቁጥቋጦውን መንጥረው፣ አፈሩ እስኪታይ ይጠርጋሉ። እሳቱ እዚያ ሲደርስ የሚበላው ያጣል። መኪና በማይወጣበት ገደል ይህን በእጅ ነው የሚሠሩት። ሠፈር ውስጥ ደግሞ የተረፈውን ፍም እየቆፈሩ ያጠፋሉ። ለአንዱ ውሃ ስሰጠው «ቤተሰቦችህ ወጡ ወይ?» አለኝ። እሱ እኔን! ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቅህ። ሰው ደግሞ በሰዓት 1 ዶላር አይከፈለውም።

ባለሱቁ ከኢንግልውድ፦
ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን የኔ ሱቅ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ሁለተኛው ጊዜ ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ተደግኗል። እስካሁን በር ሲከፈት እደነግጣለሁ። የእስረኛው ደመወዝ ሲነሳ ስለ ተጎጂው ማንም አያወራም። ሕግ ጥሶ ነው የገባው። ማኅበረሰቡን በላቡ ቢክስ ምን ነውር አለው? በዚያ ላይ አንድ ቀን ሲሠራ ከእስሩ ሁለት ቀን ይቀነስለታል። እሱ ራሱ ክፍያ ነው። ነፃነት በዶላር አይተመንም።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ የደረሰብዎት ከባድ ነው። አንድ ነገር ግን ላክል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሳ የተፈረደበት እስረኛ ከሚያገኘው ገንዘብ ግማሹ ለካሳው ይቆረጣል። ታዲያ የ5 ዶላር ግማሽ ምን ይሠራል? እስረኛው በደንብ ቢከፈለው መጀመሪያ የሚጠቀመው እንደርስዎ ያለ ተጎጂ ነው።

«ወደው ነው» የሚለውም እውነት አለው። ካምፕ ለመግባት ፈቃደኛ መሆን ያስፈልጋል። ቤት በማቃጠል ወይም በወሲብ ጥቃት የተፈረደበት አይገባም። ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም እንዲሁ። ግን የምርጫውን ሌላኛ በኩል እንየው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 13ኛ ማሻሻያ በ1865 ባርነትን ሲያስቀር «ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር» ብሎ ቀዳዳ ተወ። በኅዳር 2024 የካሊፎርኒያ መራጮች ይህንኑ ከግዛታቸው ሕገ መንግሥት ለማውጣት ተጠይቀው እምቢ አሉ። በዚያው ቀን ጎረቤት ኔቫዳ እሺ አለች። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ውስጥ እስረኛ ካምፕ አልሄድም ቢል ወጥ ቤት ወይም ልብስ ማጠቢያ ሊመደብ ይችላል። ያንን እምቢ ማለት ደግሞ ያስቀጣል።

ይህ የአሜሪካ ነውር ብቻ እንዳይመስለን። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 የግዳጅ ሥራን ከከለከለ በኋላ፣ በሕግ የታሰረ ሰው እንዲሠራ የሚታዘዘውን ሥራ ከክልከላው ያወጣዋል።

ነርሱ፦
እኔ ስለ ገንዘቡ አልከራከርም። ስለ ሰውነታቸው ነው የምለው። ታይም መጽሔት በ2018 ያወጣው ዘገባ ነበር። በአንድ እሳት ላይ እስረኛው ከመደበኛው ሠራተኛ ጋር ሲነጻጸር፣ በመቆረጥና በስብራት ዓይነት ጉዳት ከ4 እጥፍ በላይ፣ በጭስ ደግሞ ከ8 እጥፍ በላይ ይጎዳል። ሥልጠናቸው 4 ቀን ክፍል ውስጥ፣ 4 ቀን ሜዳ ላይ ነው። በ2016 ማሊቡ ላይ አንዲት የ22 ዓመት እስረኛ ከላይ የተንከባለለ ድንጋይ መትቷት ሞተች። 22 ዓመት! የተፈረደባት እስር እንጂ ሞት አልነበረም።

አንዲት እናት (ስሜን አልጽፍም)፦
ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብያለሁ። ዛሬ ልናገር። ልጄ ካምፕ ነበር።

ሲታሰር ለማንም አልተናገርኩም። ቤተ ክርስቲያን «የት ሄደ?» ሲሉኝ «ለሥራ ሰሜን ነው» እላለሁ። መጀመሪያ የነበረበት እስር ቤት ልጠይቀው ስሄድ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያወራኝ። ሰው ሲጮህ ይባንናል። ካምፕ ልሂድ ሲለኝ «እሳት ይበላሃል» ብዬ አለቀስኩ። እሱ ምን አለኝ? «እማ፣ እዚህ ከምሞት እዚያ ልሙት።»

ይኼን ምርጫ ነው የምትሉት? እኔ እስካሁን መልሱን አላውቀውም። ምክንያቱም እዚያ ከሄደ በኋላ ልጄ ተመለሰልኝ። አጥር የለም። ምግቡ ይሻላል። ቅዳሜ ስሄድ ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን እንበላለን። አንድ ቀን አለቃው መጥቶ «ጎበዝ ልጅ ነው ያለሽ» አለኝ። ከታሰረ ጀምሮ ስለ ልጄ ጥሩ ነገር ሲነገረኝ ያ የመጀመሪያው ነው። መኪና ውስጥ ገብቼ ብዙ አለቀስኩ።

የሚያንገበግበኝ ከወጣ በኋላ ያለው ነው። ሥራውን ወዶታል፣ በሱ ልቀጥል አለ። አብዛኛው የከተማ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ግን የድንገተኛ ሕክምና ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን ሲያመለክት በወንጀል መዝገቡ ምክንያት መለሱት። ብርቱካናማ ለብሶ የሰው ቤት ማዳን ይችላል፣ ነፃ ሰው ሆኖ ግን አይችልም። አሁን መጋዘን ውስጥ ሌሊት ካርቶን ይደረድራል።

ጋሽ፣ ሱቅዎ በመዘረፉ ከልቤ አዝናለሁ። የኔም ልጅ የሰው ገንዘብ ነው የወሰደው። ያንን አልክድም።

ባለሱቁ ከኢንግልውድ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስለ ክፍያው ሐሳቤን አልቀየርኩም። ከወጣ በኋላ መከልከሉ ግን ግፍ ነው። ቅጣቱን ጨርሷል እኮ።

ጋሼ ከኦክላንድ፦
ልጆቼ፣ ይቅር የምትሉትም ይቀጥል የምትሉትም አንድ ነገር አስቡ። መንግሥት በርካሽ ጉልበት ሲለምድ መላቀቅ ይከብደዋል። በ2014 የግዛቲቱ ጠበቆች ፍርድ ቤት ቀርበው፣ እስረኛ ቶሎ ከተለቀቀ ለእሳት የሚወጣ ሰው ያንሳል ብለው ተከራክረዋል። በ2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት ብዙዎቹ ሲለቀቁ፣ በዚያ ክፉ የእሳት ወቅት ሰው ጠፋ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። የሰው መፈታት ለመንግሥት ኪሳራ ሲሆንበት።

ካምፑ ይዘጋ ግን አልልም። የእናቲቱን ልጅ ያዳነውን ነገር አልዘጋም። እሳት ላይ የወጣ እንደ ሠራተኛ ይከፈለው። 7.25 እኮ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። የካሊፎርኒያው በ2025 16.50 ነበር። ሥልጠናውም ይርዘም። ሲወጣ ሥራው ይጠብቀው። ቬንቹራ አውራጃ ውስጥ ከ2018 ጀምሮ ለዚሁ የተከፈተ ማሠልጠኛ አለ፤ እንደሱ ያለ ይብዛ።

የሕግ ተማሪዋ፦
እትዬ፣ ልጅዎ መዝገቡን ለማሰረዝ አመልክቷል? በ2020 የወጣ ሕግ አለ። ካምፕ ውስጥ በደንብ ያገለገለ ሰው ፍርድ ቤት አቤት ብሎ ጥፋቱን ማሰረዝ ይችላል። እንደ ግድያ ያሉ ከባድ ወንጀሎች አይካተቱም፣ ዳኛውም እምቢ ሊል ይችላል። ከተሳካ ግን ፈቃዱን እንደገና መጠየቅ ይችላል።

አንዲት እናት፦
አመልክቷል የኔ ልጅ። ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው። ከሌሊት ሥራ ወጥቶ በቀጥታ ሊሄድ ነው። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ እሱም ሳይተኛ ባይነዳ ደስ ይለኛል።

ሹፌሩ ከፓሳዴና፦
እትዬ፣ ማክሰኞ ሥራ አልገባም። መጋዘኑ የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። ከበር እወስደዋለሁ፣ እርስዎንም መንገድ ላይ እይዛለሁ።