ለቤተ መጻሕፍት የስቴት በጀት ለማስጨመር ሪችመንድ ልንሄድ ነው፤ ከየት እንጀምር?

መጽሐፍ_ወዳድ
ሰላም ወገኖች። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ላለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የወዳጆች ማኅበር (ፍሬንድስ) አባላት ነን። በሚቀጥለው የጀነራል አሰምብሊ (የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ) ስብሰባ ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ወርደን ለቤተ መጻሕፍቱ ገንዘብ እንዲጨመር ልንጠይቅ አስበናል። የምንፈልገው የእሑድ ሰዓት እንዲራዘም፣ ኢ-ቡክ እንዲበዛና የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት እንዲገዙ ነው። ማንን እናናግር? መቼስ ይሻላል? ማኅበሩ 501(ሲ)(3) (ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ስለሆነ ሎቢ ማድረግ፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን መወትወት፣ ከግብር ነጻነታችን ያስወጣናል የሚሉ አሉ። ግማሾቻችን ደግሞ ግሪን ካርድ ነን።

በጀት_ቆጣሪ
መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ለሁለት ክፈሉት። የእሑድ ሰዓት የሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ እሱን የሚወስነው የካውንቲያችሁ ቦርድ እንጂ ሪችመንድ አይደለም። ለዴሌጌት (ለስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት አባል) ብትነግሩት በአክብሮት ሰምቶ ይሸኛችኋል፣ አለቀ። ከስቴቱ የሚመጣው ድጋፍ በአብዛኛው ለመጻሕፍትና ለዲጂታል ስብስብ ስለሚውል ኢ-ቡኩና የአማርኛ መጻሕፍቱ ከዚህ ጋር ይሄዳሉ።

የስቴቱ ድጋፍ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቆረጥ አይደለም፤ ቀመሩ በሕግ ተጽፏል (ክፍል 42.1-48)። የአካባቢው መንግሥት ለሚያወጣው ለእያንዳንዱ ዶላር 40 ሳንቲም ይሰጣል፣ ጣሪያው ግን 250,000 ዶላር ነው። በዚያ ላይ እስከ 600,000 ሕዝብ ድረስ በነፍስ ወከፍ 30 ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ ላለው 10 ሳንቲም፣ ለአንድ ስኩዌር ማይል ደግሞ 10 ዶላር። 160,000 ሕዝብና 15 ስኩዌር ማይል ያላት ከተማ ብትሆን 250,000 + 48,000 + 150 = 298,150 ዶላር ይደርሳታል ማለት ነው።

ይህ ግን ጀነራል አሰምብሊ ቀመሩን ሙሉ በሙሉ ከበጀተ ነው። ካነሰ ለሁሉም በየድርሻው ይቀነሳል። ስለዚህ «ለቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ጨምሩ» አትበሉ፤ «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ድጋፍ ቀመር ሙሉ በሙሉ ይበጀት» በሉ። የመጀመሪያው ምኞት ነው፣ ሁለተኛው በበጀት ሰነዱ ላይ መስመር አለው።

ሌላም ነገር አለ። 40 ሳንቲሙ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው አካባቢው 625,000 ዶላር ሲያወጣ ነው። ትልልቆቹ ካውንቲዎች ይህን ካለፉ ቆይተዋል፤ ለእነሱ የስቴቱ ገንዘብ ከጠቅላላ በጀታቸው ጥቂቱ ነው። በትንሽ የገጠር ካውንቲ ግን ዓመቱን ሙሉ መጽሐፍ የሚገዛበት ይኸው ሊሆን ይችላል። ከገጠር አካባቢ የወዳጆች ማኅበራት ጋር አንድ ወረቀት ይዛችሁ ብትቀርቡ ጥያቄው የሰሜን ቨርጂኒያ ብቻ መምሰሉ ይቀራል።

የሪችመንድ_መንገድ
ስለ ጊዜው፦ ስብሰባው ሲጀመር ከመጣችሁ ዘግይታችኋል። የገቨርነሩ ጽሕፈት ቤት በጀቱን እስከ ዲሴምበር 20 ያቀርባል። ስለዚህ ዴሌጌታችሁንና ሴናተራችሁን በኦክቶበርና በኖቬምበር እዚያው አካባቢያችሁ ባለው ቢሯቸው አግኟቸው። ጀነራል አሰምብሊው በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ይከፈታል፤ አባላት የበጀት ማሻሻያ የሚያስገቡበት ቀን በዚያው ሰሞን ይዘጋል። ማሻሻያውን የሚያስገባላችሁ ሰው ከዚያ በፊት «እሺ» ማለት አለበት።

በፌብሩዋሪ የታችኛው ምክር ቤት የአፕሮፕሪዬሽንስ (የበጀት ምደባ) ኮሚቴና የሴኔቱ የፋይናንስና አፕሮፕሪዬሽንስ ኮሚቴ የየራሳቸውን በጀት ያወጣሉ። በሁለቱም ውስጥ የሌለ ገንዘብ ከዚያ በኋላ ማስገባት በጣም ከባድ ነው። በአንዱ ካለና በሌላው ከሌለ ግን ጉዳዩ ልዩነቱን ለሚያስታርቁት ጥቂት አባላት ይሄዳል፤ ስልክና ኢሜይል የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው። ያኔ የሚጻፈው ሁለት መስመር ነው፦ የማሻሻያው ቁጥርና «የሴኔቱን መጠን ደግፉ» (ወይም የምክር ቤቱን)። ሁለት ገጽ ደብዳቤ በዚያ ሳምንት የሚያነብ የለም።

በጃንዋሪ መጀመሪያ በየክልሉ የሚደረጉ የበጀት ሕዝባዊ መድረኮችም አሉ። የሚሰጠው ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ ንግግሩን ጽፋችሁ በሰዓት ለኩት።

ግብር_ነክ
በሎቢው ጉዳይ የሚያስፈሯችሁ ሰዎች ሎቢንና የምርጫ ቅስቀሳን ቀላቅለው ነው። ለዕጩ መቀስቀስ 501(ሲ)(3) ለሆነ ማኅበር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሎቢ ግን በመጠኑ ይፈቀዳል። «በመጠኑ» የሚለው ነገር ልክ እንዲኖረው ፎርም 5768 ሞልታችሁ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ላኩ፤ 501(ኤች) የሚባለው አማራጭ ይኸው ነው። አንዴ ከተላከ እስክትሽሩት ድረስ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ለዓላማው ከሚያወጣው ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር እስከ 20 በመቶ ለሎቢ ማዋል ትችላላችሁ። ዓመታዊ ወጪያችሁ 40,000 ቢሆን 8,000 ዶላር ነው። ከዚያ ውስጥ ሰፊውን ሕዝብ ለመቀስቀስ የሚውለው ከሩብ፣ ማለትም ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። ለራሳችሁ አባላት «ለሴናተራችሁ ጻፉ» ብላችሁ የምትልኩት ኢሜይል ከሩቡ አይቆጠርም። የሚለካው ወጪ ስለሆነ የበጎ ፈቃደኛ ጊዜ ዜሮ ነው።

ግሪን ካርድ ያለውም ሆነ የሌለው ነዋሪ ተወካዩን ማናገር ይችላል፤ ዜግነት የሚጠይቅ የለም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ግን ከመምጣታቸው በፊት የካውንቲውን ደንብ ያጣሩ፤ በሥራ ሰዓትና በቢሮ ኢሜይል እንዳይሆን።

መጽሐፍ_ወዳድ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቢሮው ውስጥ ገብተን ምን እንበል? ስንት ሰው እንሂድ?

የሪችመንድ_መንገድ
ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል፣ ሁላችሁም በዚያ አባል ወረዳ የምትኖሩ። ብዙ ጊዜ የሚቀበላችሁ ረዳቱ ነው። አትከፉ፤ ማስታወሻውን የሚጽፈው እሱ ነው። አሥር ደቂቃ እንደምታገኙ ቆጥሩ። አንድ ሰው ጥያቄውን ያቅርብ፣ አንድ ሰው አንድ ምሳሌ ያምጣ፣ አንዱ መልሱን ይጻፍ። የኢ-ቡክ ምሳሌ ጥሩ ነው፦ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ለቤተ መጻሕፍት ፈቃዱን የሚሸጡት ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ባይጨመር እንኳ ያለውን ስብስብ ለማቆየት በየጊዜው እንደገና ይከፈላል። ይህን ብዙ ሕግ አውጪ አያውቅም።

የምትተዉት ወረቀት አንድ ገጽ ይሁን፦ ጥያቄው ከላይ፣ የቤተ መጻሕፍታችሁ ድርሻ በሙሉ ቀመርና በአሁኑ በጀት ጎን ለጎን፣ የአንድ ሰው ስልክ። ቁጥሮቹን ከቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር ወይም ድጋፉን ከሚያስተዳድረው ከላይብረሪ ኦፍ ቨርጂኒያ ውሰዱ፤ በግምት የተሞላ ወረቀት ረዳቱ አንዴ ካጣራው ሌላውንም አያምንም። አንድ ዓይነት ኢሜይል ሃምሳ ሰው ቢልክ እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ በራሱ ቃል ይጻፍ፣ የቤት አድራሻውን ከሥር ያስፍር። አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ከወረዳው መምጣቱ ስለማይታወቅ ወደ ጎን ይደረጋል።