ውድ ስፒከሮቼ ቤት ሲገቡ ቤዙ ብቻ ይጮኻል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ወገኖች። ለዓመታት ቆጥቤ ወለል ላይ የሚቆሙ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ገዛሁ። ቁመታቸው 1.1 ሜትር ነው። አንዱ ብቻውን 32 ኪሎ ይመዝናል። እያንዳንዳቸው ሁለት ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) እና አንድ የብረት ትዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣው) አላቸው፤ የአየር ቀዳዳቸው በጀርባ በኩል ነው። መመሪያው 88 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን) በ1 ዋት፣ 4 ኦም (ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) ይላል። ድምፁን የሚያጎላው አምፕ 60 ዋት ነው።

ልገዛ ሄጄ ስሰማቸው እንባዬ ሊመጣ ነበር። ዘፋኙ ፊቴ የቆመ ነው የሚመስለው። ቤት ካስገባኋቸው በኋላ ግን ሌላ ዕቃ ሆኑብኝ። ቤዙ፣ ማለት ወፍራሙ ድምፅ፣ ሆዴን ይመታዋል፤ የግጥሙ ቃላት ግን አይለዩም። ደግሞ የሚገርመኝ ነገር አለ፦ ሳሎኑ መሃል ስቆም ቤዙ ድራሹ ይጠፋል። ሶፋው ላይ ስቀመጥ እንደገና ይመጣል፤ በተለይ አንድ ኖታ ላይ ግድግዳው ሁሉ ይጮኻል።

ሳሎኑ 4.2 በ3.5 ሜትር ነው። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ምንጣፍ የለውም። ስፒከሮቹ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ማዕዘኑ ውስጥ ገብተዋል። ሶፋው ደግሞ ከተቃራኒው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ባለቤቴ “ወይ ይስተካከል፣ ወይ ይውጣ” ብላለች፤ እውነቷን ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አለን። ጎረቤትም አለ። አምፑን ልቀይር? ወይስ ገመዱን?

መልስ 1

60 ዋት ለእንዲህ ያለ ስፒከር ያንሳል። ደካማ አምፕ ዉፈሩን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ለዚያ ነው ቤዙ የሚንዘላዘለው። 200 ዋት ፈልግ።

መልስ 2 (የስቱዲዮ ድምፅ ባለሙያ ነኝ)

ወንድሜ፣ ለጊዜው ኪስህን አትንካ። ስፒከሮችህ ደህና ናቸው። ያስቸገረህ ክፍሉ ነው፤ ማስረጃውንም ራስህ ጽፈኸዋል።

ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የሳሎንህን ርዝመት በሁለት አባዛው፤ 8.4 ሜትር ይሆናል። 343ን ለ8.4 ስታካፍል 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ታገኛለህ። በዚህ ኖታ ላይ ድምፁ ሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ ራሱን በራሱ ያጠነክራል። ጉልበቱ የሚበረታው ግድግዳዎቹ ጋ ነው፤ መሃል ላይ ባዶ ይሆናል። አንተ ሶፋህን ግድግዳ ላይ ለጥፈሃል፤ ስለዚህ የምትቀመጠው ጩኸቱ በሚበረታበት ቦታ ነው። መሃል ስትቆም የሚጠፋብህም ለዚሁ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይጫን ሲመታ የሚያወጣው ደግሞ ይኸው 41 ኸርዝ ነው። አንድ ኖታ ላይ ግድግዳው ይጮኻል ያልከው እሱ ነው።

ስፒከር ማዕዘን ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ከጀርባና ከጎን ያሉት ግድግዳዎች ወፍራሙን ድምፅ ወደ ፊት ይመልሱታል። ቤዙ ያብጣል፤ የሰው ድምፅ ከሥሩ ይቀበራል። 200 ዋት አምፕ ብታመጣ ያንኑ ያበጠ ቤዝ አጉልቶ ያሰማሃል እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም።

የዋቱን ነገር እንየው። ኃይል በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ከ60 ወደ 120 ዋት ብትሄድ “ትንሽ ከፍ አለ” ትላለህ፣ አለቀ። ጆሮ በእጥፍ ጨመረ እንዲል ወደ 10 ዲሲቤል ያስፈልጋል፤ እሱም አሥር እጥፍ ኃይል ነው። ባንተ ስፒከር፣ ባንተ ሳሎን፣ ለወትሮው የምትጠቀመው ጥቂት ዋት ነው። ከአምፑ ጀርባ የተጻፈውን ኦም ግን እይ። ከ6 በታች አይሆንም የሚል ከሆነ 4 ኦም ስፒከር ከፍ አድርገህ ስትከፍት ሊግልብህ ወይም ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። አምፕ ለመቀየር በቂ ምክንያት እሱ ነው።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ከምትወዳቸው ዘፈኖች ቤዙ ግልጽ የሆነ አንድ ምረጥ፤ ሌላ አትቀይር። ስፒከሮቹን ከማዕዘኑ አውጣቸው፤ ከጀርባ ግድግዳ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎን ግድግዳ ደግሞ ከዚያ ትንሽ በለጥ አድርገህ ጀምር። ሁለቱን ርቀቶች እኩል አታድርጋቸው። ከዚያ 10፣ 10 ሴንቲ እያስጠጋህና እያራቅህ ስማ። ቦታውን ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ፤ አለበለዚያ የተሻለው የቱ እንደነበር ይጠፋብሃል። ሶፋውንም ወደ ፊት አምጣው። 60 ሴንቲ ብቻ ብታመጣው ትገረማለህ። ልክ መሃል ግን አታድርሰው፣ እዚያ ቤዝ የለም።

ከአንተ እስከ ሁለቱ ስፒከሮች ያለው ርቀት እኩል ይሁን። ፊታቸውን በጥቂቱ ወደ ጆሮህ አዙራቸው። ትዊተሩ ስትቀመጥ ከጆሮህ ከፍታ ጋር መመጣጠን አለበት።

ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፍ፤ ወፈር ያለ ከሆነ ይሻላል፣ በአንተና በስፒከሮቹ መካከል። ቀጭን ድምፅ ሴራሚክ ላይ ነጥሮ ትንሽ ዘግይቶ ጆሮህ ይደርሳል። የግጥሙን ቃላት ከሚያደበዝዙብህ ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ለጎን ግድግዳዎች ቀላል ዘዴ አለ። አንተ ሶፋው ላይ ተቀመጥ፤ ባለቤትህ መስታወት ግድግዳው ላይ እያስጠጋች ትንቀሳቀስ። መስታወቱ ውስጥ ስፒከሩ የሚታይህ ቦታ ላይ ድምፁ ነጥሮ ወደ አንተ ይመጣል። እዚያ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ወይም ወፍራም መጋረጃ አድርግ።

ጠያቂው

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። 41 ኸርዝ ያልሽውን ሳነብ ፀጉሬ ቆመ፣ ኖታው እሱ ራሱ ነው። አምፑ ከጀርባው ከ4 እስከ 16 ኦም ይላል። ስለ ገመዱስ?

መልስ 3

2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ለዚህ ርቀት ከበቂ በላይ ነው። ፕላስና ማይነሱ በሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት መሆኑን ብቻ አረጋግጥ። አንዱ ከተገለበጠ ዘፋኙ መሃል አይቆምም፣ ቤዙም ይሳሳል። ገመድ የምትነካው አምፑን አጥፍተህ ነው።

መልስ 4 (ሁለት ልጆች ያሳደግሁ አባት)

ስለ ልጁ ማንም አላነሳም። ከድምፁ በፊት እሱ ይቅደም። 32 ኪሎ የሚመዝን ረጅም ዕቃ በልጅ ላይ ከወደቀ ቀልድ የለውም። ከሥሩ ሰፊ መቆሚያ ካለው ግጠምለት፤ ከተቻለ በጠንካራ ማሰሪያ ከግድግዳ ጋር እሰረው። ሹል እግሮቹ ሴራሚኩን ይቧጭራሉ፣ ለጊዜውም ቢሆን በጎማ ቀይራቸው።

የፊት መሸፈኛውን አታውልቅ። እኔ “ያለ መሸፈኛ ይሻላል” ሲሉኝ ሰምቼ አወለቅሁት። ልጄ በጣቷ የግራውን ትዊተር ጫን አደረገችው። የጨርቅ ትዊተር ሲሆን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የብረት ከሆነ ግን ስርጉድ ብሎ ይቀራል። በቫኪዩም መጥረጊያ እስበዋለሁ ብዬ ቀዳደድኩት። አንተ ይህን እንዳታደርግ። ትዊተሩ ብቻውን ይቀየራል። ሌላም ነገር፦ መመሪያው ላይ ትዊተሩ ቤሪሊየም (የብረት ዓይነት) ነው የሚል ካለና ከተሰበረ ስባሪውን በእጅ አትንካ፣ አትጥረገውም። ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው። ልጁን ከክፍሉ አውጣና ለአምራቹ ደውል።

መልስ 5

ለጎረቤት፦ ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳ ይይዘዋል፣ ቤዝ ግን ያልፋል። ስለዚህ ጎረቤትህ የሚሰማው ዱም ዱም ብቻ ነው። ከማዕዘን ማውጣቱ እሱንም ይጠቅመዋል። ማታ ድምፅ ስትቀንስ ቤዙ ከልክ በላይ የሚቀንስ ይመስልሃል። ስፒከሩ አልተበላሸም። የሰው ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ለወፍራም ኖታ ሰነፍ ነው፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 ለክተው አሳይተውታል። አምፕህ ላይ “ላውድነስ” የሚል ቁልፍ ካለ የተሠራው ለዚህ ነው። ጎረቤት ከተኛ ግን እሱንም ተወው።

ጠያቂው (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ውጤቱን ይዤ መጣሁ። ስፒከሮቹ ከጀርባ ግድግዳ 60፣ ከጎን 75 ሴንቲ ላይ ቆመዋል። ሶፋው 65 ሴንቲ ወደ ፊት መጥቷል። ከኋላው የተረፈው ቦታ የልጁ መጫወቻ ማስቀመጫ ሆነ፤ ባለቤቴም በዚህ ተስማማች። ምንጣፍ ተነጥፏል። ትናንት ማታ አብረን ቁጭ ብለን አንድ የድሮ ዘፈን ሰማን። ዘፋኟ ቃል ሳትጀምር የምትስበው ትንፋሽ ተሰማን። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ።

መልስ 1ን ልሰማ ተቃርቤ ነበር፤ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያቺ ኖታ ግን አሁንም ትንሽ ታብጣለች። ምን ይቀራል?

መልስ 1

እኔም የራሴን ከማዕዘን አወጣሁት። ልክ ነበራችሁ።

መልስ 2

ደስ ብሎኛል! ለቀረችው መጀመሪያ ከጀርባው ቀዳዳ ውስጥ ስፖንጅ ሞክር፤ ከአንዳንዱ ስፒከር ጋር አብሮ ይመጣል። ካልበቃ የምታጫውትበት መሣሪያ ወይም አምፑ ኢኳላይዘር (የመረጥከውን ኖታ ብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ) ካለው 41 ኸርዝ ላይ ጠባብ አድርገህ 4 ዲሲቤል ቀንስ። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በመለኪያ ማይክ የት እንዳበጠና የት እንደጎደለ በሥዕል ያሳይሃል። ያበጠውን ቀንስ፤ የጎደለውን ግን በኢኳላይዘር ልሙላ አትበል። ክፍሉ የሚያጠፋውን ድምፅ ብትጨምርበትም ያጠፋዋል፤ አምፑና ዉፈሩ በከንቱ ይደክማሉ። ለጎደለው ቦታ መድኃኒቱ ሶፋውን 10 ሴንቲ ማንቀሳቀስ ነው።